ብርሌ ከነቃ

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደላንታ ሜዳ ላይ ትልቅ ሐራጅ ተካሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምባ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ካለፉ ሳምንት ቢሆናቸው ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከአምባው ያወረደውን ዘረፋ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አጋዘና ሜዳው ላይ ዘረገፈው። ዘውዱ፣ መስቀሉ፣ ብራናው፣ ጽዋው፣ ምንጣፉ ሁሉ ተደርድሮ ሁለት ቀን ሙሉ ተጫረቱበት። ብሪቲሽ ሙዚየምን ወክሎ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ 1,000 ፓውንድ ተመድቦለት ስለነበር ጥሩ ጥሩውን ለቀመው። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

ስለ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የአንቲክ ሱቆች ላወራ ተነሥቼ ደላንታ ድረስ መውጣቴ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ የሰው የቤት ዕቃ ሜዳ ላይ የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሄድ ነው። መቅደላ ላይ ባለቤቱ ሞተ፣ ገዢው ጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የሚሄደው ሻጭ፣ የሚቀረው ገዢ ሆነ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከአውሮፓ የሚመጣ የቤት ዕቃ ብርቅ እንጂ አሮጌ አልነበረም። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ተጉዞ ይደርሳል። የሚያስመጡት በአብዛኛው ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ናቸው፤ ከሕንዶቹ ስሙ የገነነው ሞሐመዳሊ የሚባለው የቦምቤ ንግድ ቤት ነበር። ከግመል ጀርባ በደኅና የወረደ መስታወት የመኳንንት ነው። የብርጭቆ ብርሌም እንዲሁ። ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ሲጠጣ የኖረበት ቤት ብርሌ ሲገባ የባለቤቱም ደረጃ አብሮ ከፍ ይላል። ታዲያ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት ቀልድ አልነበረም፤ የነቃውን የሚተካ ሌላ ብርሌ እስኪመጣ ሌላ ቅፍለት መጠበቅ ነው።

ዕቃዎቹ ሲገቡ የመጡበትን መንገድ በስማቸው ይዘው ገቡ። ሲኒ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ፋኖስ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብ በኩል የዞረ ስም ነው። ሐራጅም ራሱ የዐረብ ቃል ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሸክላ ነው፤ ለዘፈን ማጫወቻው ጥቁር ሳህን የፈረንጁን ስም ትተን የእንስራና የጀበና ስም ሰጠነው። ሲወድቅ የሚሰበር ነገር ሁሉ ሸክላ ነው፣ ምን ያስጨንቃል?

የድምፅ ነገር ከተነሣ፣ በ1890 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክቷን በፎኖግራፍ ሲሊንደር ቀድታ ላከች፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም መልሳቸውን በዚያው ዘዴ ላኩላት። የንግሥቲቱ ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዞ ስለነበር ተሰበረ። የዛሬ የአንቲክ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ጉንጩን ሳይነጭ አይቀርም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ደግሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ሳለ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ፤ የእሳቸው ሸክላ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ዕቃው በዛ፣ ስብራቱም ቀነሰ። ባቡሩ ወደ ለገሃር የሚገባው ከደቡብ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ነው። ከመርሴ የተጫነ ሳህን ገና ከተማው መሀል ሳይገባ የዛሬውን የንፋስ ስልክ ጎን እየታከከ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ሰፈሩ ግን ያን ጊዜ ሜዳ ነው። ስሙንም ያገኘው ኋላ፣ ያለ ሽቦ የሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ በዚያ አካባቢ ሲተከል ነው፤ ሽቦ የሌለው ስልክ በምን ይሄዳል? በንፋስ።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሞሐመዳሊን የመሰሉትን የውጭ ነጋዴዎች አባረረና ከተማይቱን በራሱ ዕቃና በራሱ ሰው ሊሞላት ተነሣ። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶ አለው። ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራው ድርጅት «ኢንቺስ» ይባል ነበርና ሰፈሩ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ቤቶቹ ደግሞ ባዶ አይሆኑም። አልጋው አጠገብ የምትቆመው ባለመሳቢያ ሣጥን ኮመዲኖ ተባለች፤ እስከ ዛሬ ሌላ ስም የላትም። አምስት ዓመት የቆየ ወራሪ መኝታ ቤታችን ድረስ ገብቶ ስም አውጥቶ ሄደ።

መሄዱ ነው እንግዲህ ገበያውን የከፈተው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ በአዲስ አበባ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች ነበሩ። እንግሊዞች ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን እየሰበሰቡ ወደ በርበራ አወረዷቸው። ከዚያ በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ነጭ የተቀቡ ትላልቅ መርከቦች፣ ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱይሊዮ፣ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ጣሊያን አደረሷቸው። ባለ ሦስት ተካፋች ቁም ሣጥን ይዞ በርበራ የሚወርድ የለም። የወላጆቻችን ወላጆች ሳሎን ውስጥ የምናውቀው ያ ከባድ ባለመስታወት ቡፌ፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ መስሎ የተቀረጸው፣ መሳቢያው በክረምት አብጦ አልከፈት የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። የልጅ ልጅ የምለው፣ የቀሩት ጣሊያን አናጺዎች ያስተማሯቸው የእኛ አናጺዎች ያንኑ ቅርጽ በዝግባና በወይራ መሥራታቸውን ስለቀጠሉ ነው። ዛሬ አንድ ቡፌ «የጣሊያን ነው» ሲባል ከጣሊያን መጣ ማለት ይሁን ጣሊያን ሠራው ማለት፣ ወይስ ጣሊያን የሚመስል ማለት ብቻ፣ ሻጩም ለይቶ አይነግራችሁም።

ከዚያ ተራው የዲፕሎማት ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት። ኤምባሲው እንደ አሸን ፈላ። በዚያው አሥርት ዓመት አውሮፕላኑ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር አሮጌው ሜዳ ስሙን ለሰፈሩ ትቶ ሄደ፤ ኦልድ ኤርፖርት። ከብሥራተ ገብርኤል እስከ ቫቲካን፣ ከሳር ቤት እስከ መካኒሳ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ግቢያቸው ሰፊ፣ ጽዳቸው ረጅም የሆኑ ቪላዎች ተሠሩ። ተከራዩ ሦስት ወይም አራት ዓመት ኖሮ ወደ ሌላ አገር የሚዛወር ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሕግም ገበያ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 36 ዲፕሎማት የግልና የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ቀረጡ የሚመጣው ዕቃው መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ ዲፕሎማት ሊሄድ ሲል ከሌላ ዲፕሎማት ጋር ዕቃ ይለዋወጣል፣ ጥቃቅኑን ለሠራተኞቹ ይሰጣል፣ የቀረውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጣል። ዘበኛው፣ ምግብ አብሳይዋና አትክልተኛው ከከተማው ነጋዴ ሁሉ በፊት ወሬውን የሚያውቁ ናቸው፤ «ፈረንጇ በሐምሌ ልትሄድ ነው» የምትል ዐረፍተ ነገር ዋጋ ነበራት። «የዲፕሎማት ዕቃ» የሚለው ሙገሳ ከዚህ ተወለደ። የዲፕሎማት መኪና፣ የዲፕሎማት ፍሪጅ፣ የዲፕሎማት ፍራሽ ሳይቀር። የሌላ ሰው ፍራሽ በምን ሒሳብ እንደሚያኮራ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዋጁ ስለ ሹካና ማንኪያ አያወራም፤ ግን ሦስት ቤት የነበረው ሰው አንድ ቤት ሲቀረው የሦስቱን ቤት ወንበር የት ያስቀምጠዋል? የታሰረ አለ፣ የተሰደደ አለ። ከአያቶቻቸው ጀምሮ እዚህ የኖሩ ብዙ አርመኖችና ግሪኮችም ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። ፒያኖ የሚገዛ ጠፋ። ብር ማንኪያ ያለው ሰው ማንኪያውን ደበቀ፤ «አድኃሪ» መባያው ቀላል ነበርና። ዝምታ የበዛበት ገበያ ነው፣ ብዙ የሚነገር የለውም።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ የአውሮፓ በር ተከፈተ። ምሥራቅ ጀርመን በ1969 ዓ.ም. ቡና ተወድዶባት ተጨንቃ ነበርና ከኢትዮጵያ ጋር የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና በቡና ለመለወጥ ተዋዋለች። ተማሪዎቻችንም ወደ ላይፕዚግና ወደ ድሬስደን፣ ወደ ፕራግና ወደ ሶፊያ ጎረፉ። ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ የሚከተቱት ሌላ ምን ይኖራል? ለእናት የሸክላ የቡና ስብስብ፣ ለአባት የእጅ ሰዓት። እናትም ስብስቡን ቡፌ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት። ቡና የጠጣበት ሰው የለም፤ ለእንግዳ ነው፣ ያ እንግዳ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው ዕቃ ወርቅ ቅቡ ሳይለቅ ለገበያ የሚወጣው በእነዚያ ቁልፎች ምክንያት ነው።

ከሁሉም ዘመን በታች ደግሞ ቁራሌው እየተጣራ ይሄዳል። «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪ በሩጫ ብዛት ተኮማትሮ ቁራሌው ሆነ። ማዳበሪያ በጀርባው፣ ጠርሙስ፣ ብረት፣ የተሰበረ ካውያ ይገዛል፤ የገዛውን መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያደርሳል። ልዋጭ ደግሞ አለ፤ አዲስ ብርጭቆና ፕላስቲክ ጆግ ተሸክሞ በአሮጌ ልብስ የሚለውጥ። በሁለቱ መካከል ስንት የነሐስ መቅረዝ፣ ስንት የከሰል ካውያ፣ ስንት ማሾ በኪሎ ተመዝኖ እንደቀለጠ እግዜር ይወቀው። የአንድ ቤት ልጆች አያታቸው ከሞቱ በኋላ ጓዳውን ሲያጸዱ የስዊድን ፕሪሙስ ምድጃ ለቁራሌው በዳቦ ዋጋ ሰጡት። እኔም ከልጆቹ አንዱ ነበርኩ። ናሱን በአመድ ፈትገን ስናበቃ ፊታችንን እናይበት እንደነበር ትዝ ያለኝ ቁራሌው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጥላው ተነሣ፤ ብር ማንኪያውም ከተደበቀበት ወጣ። በሰኔ 1990 ዓ.ም. ግን የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሌላ መሄድ አመጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በአደራ የተሰጠ ቡፌ አለ፤ በግማሽ ዋጋ የተሸጠ አለ፤ በሩ ታሽጎበት የቀረም አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ የገዛ ሰው «ከየት ነው ያገኘኸው?» ሲባል ቶሎ ወሬ ይለውጣል።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተማ ስትሸነሸን ኦልድ ኤርፖርት፣ ሳር ቤት፣ መካኒሳ፣ ጎፋ፣ ሳሪስ፣ ለቡና ጀሞ በአንድ ጥላ ሥር ገብተው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተባሉ። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሻጭም ገዢም ተገናኙ፤ በአንድ ጫፍ ዕቃውን ትቶ የሚሄደው ዲፕሎማት፣ በሌላው ጫፍ ቁልፍ ተቀብሎ ባዶ ኮንዶሚኒየም የሚገባው የጀሞ ዕድለኛ። ችግሩ ደረጃው ነው። የጣሊያን ቡፌ አራተኛ ፎቅ አይወጣም፤ መታጠፊያው ላይ ይገተራል። ነጋዴው ይህን ቶሎ ተማረና ዓይኑን ወደ ትናንሹ መለሰ፤ ሲኒ፣ ሳህን፣ መቅረዝ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ፋኖስ፣ የመስታወት ፍሬም።

አሁን ሻጩ የግድ ከዚህ የሚሄድ ፈረንጅ መሆኑ ቀረ። አውሮፓ ራሷ ዕቃዋን ማራገፍ ይዛለች። ጀርመን አገር አንድ አሮጊት ሲሞቱ ቤት አራጋፊ ድርጅት ተጠርቶ የስልሳ ዓመት ኑሮ በአንድ ቀን ይጭናል። ልጆቹ ወርቅ ቅብ ሳህን አይፈልጉም፤ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባማ። ብራስልስ ዡ ደ ባል አደባባይ ላይ ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ሆላንድ በንጉሡ ቀን፣ ኤፕሪል 27፣ ማንኛውም ሰው የጓዳውን ዕቃ መንገድ ላይ አውጥቶ እንዲሸጥ ይፈቀድለታል። እዚያ ያለ ያገራችን ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ የእናቱ ቡፌ ትዝ ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቅማል፣ በጋዜጣና በአሮጌ ፎጣ ይጠቀልላል፣ ወደ አገር በሚላክ ኮንቴነር ውስጥ ከዘመድ ፍሪጅና ብስክሌት ጎን ያስገባል። ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ እንደ ጥንቱ ባቡር ከደቡብ በኩል ወደ ከተማ።

የደላንታው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሲራክ አስፋው የሚባል ያገራችን ሰው ሆላንድ አገር ቤቱ ውስጥ 21 ዓመት የጠበቀው የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ አንድ አጫራች ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ አቀረበ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፣ ጨረታው ቀረ፣ ዕቃዎቹ ተገዝተው ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር አገራቸው ገቡ። የቀንድ ዋንጫ! ብርሌ የተካው፣ ከግብር ቤት ወደ ጓዳ የወረደው ያ ዋንጫ፣ እዚያ አንቲክ ተብሎ ዋጋ ወጣለት። የእነሱ የጓዳ ሲኒ እዚህ፣ የእኛ የጓዳ ዋንጫ እዚያ። ልዩነቱ ሲኒው ተገዝቶ መምጣቱ ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሬ ከለከለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አዲስ ዕቃ ዋጋው ሰማይ ሲነካ አሮጌው ክብር አገኘ። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱም ጓዳ ለጓዳ ተደብቆ የኖረው ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ፤ አንቲክ ነጋዴዎቹ ከጫኝና አውራጁ እኩል ማልደው ይደርሱ ነበር።

ብሥራተ ገብርኤል አካባቢ እንዲህ ያለ ሱቅ ገብቼ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ። ባለቤቷ ሲኒ ስታነሣ መጀመሪያ የምታየው ቂጡን ነው። «ባቫሪያ» የሚል ካለው ትስቃለች። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ካለው ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ «ሜድ ኢን ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ካለው ከ1918 በፊትም ከ1992 በኋላም ሊሆን አይችልም። አገሩ ፈርሷል፣ ሲኒው አልተሸረፈም። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለውን ጽሕፈት መጀመሪያ ያስገደደው የእንግሊዝ ሕግ ነው፣ በ1887 እ.ኤ.አ.፤ ገዢው የጀርመንን ዕቃ ለይቶ እንዲሸሽ ታስቦ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ያችው ጽሕፈት ዋጋ ትጨምራለች። ጥግ ላይ የቆመው ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናም ከቁጥሩ ፊት ባለው ፊደል ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ይታወቃል፤ ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ግዙፍ ፋብሪካ ከ1885 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ተዘጋ፣ መኪናው ግን ዘይት ጠብ ሲደረግለት ይሰፋል። ሴትየዋ ይህን ሁሉ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ተታልላ ነው። አንዴ የቻይና ቅጂ በቦሄሚያ ክሪስታል ዋጋ ገዛች። ሁለተኛውን ልትነግረኝ አልፈለገችም።

ወደ ማታ ላይ አንዲት ወጣት ገባች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ብርሌ አነሣች፤ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ አረንጓዴ ቢጤ፣ አሮጌ ብርጭቆ ላይ የሚታየው የአየር ጠብታ ውስጡ ያለበት። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች።

«የኔ ቆንጆ፣ እሱ ነቅቷል» አለቻት ባለሱቋ። «ጠጅ አይዝም።»

«ጠጅ ማን ሊጨምርበት? አበባ ላስቀምጥበት ነው፤ የደረቀ።»

«እንግዲያው ዋጋው ካልነቃው ጋር አንድ ነው።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ባለሱቋ ብርሌውን በጋዜጣ ሦስት ዙር ጠቀለለችና በሁለት እጇ አቀበለቻት፤ በሩ ጋ ስትደርስ «በአንገቱ እንዳትይዢው!» ብላ ጮኸችባት።